ስም አይቶ ሃይማኖት መጻፍ፦ ለወጣት ዘጋቢዎች

ውድ ልጆቼ፣

በብሔርና በሃይማኖት ስም የሚነሣ ግጭት ስትዘግቡ የሰዎቹን ማንነት መጻፍ ይሻል ወይስ መተው ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ ሰንበት ብሏል። የዘገየሁት መልሱ የራሴን ጥፋት ሳልናገር የሚነገር ስላልሆነ ነው።

የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ወጥቶ ጋዜጦች እንደ አሸን በፈሉበት ዘመን እኔም አዲስ አበባ በአንድ ጋዜጣ ዜና ክፍል የምሠራ ጎረምሳ ነበርኩ። አንድ ማታ በደቡብ ወሎ አንድ የገጠር ቀበሌ ጠብ ተነሥቶ ሰው መሞቱ በስልክ ተነገረኝ። የሟቹ ስም የእስላም፣ የተጠርጣሪው ስም የክርስቲያን ነበርና ሌላ ሳልጠይቅ «በሙስሊሞችና በክርስቲያኖች መካከል በተነሣ ግጭት» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ያደረግኩት ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ሆኜ ነው! አህመድ የተባለ ሰው አባቱ ተሰማ፣ አያቱ ደግሞ አሊ ሊሆኑ በሚችሉበት፣ ከአንድ ቤት አንዱ ለጁምዓ ሌላው ለቅዳሴ በሚወጣበት አገር ስም ለሃይማኖት ማስረጃ እንደማይሆን ከእኔ የበለጠ ማን ሊያውቅ ይችል ነበር? ከሳምንታት በኋላ ወደ ስፍራው ስሄድ ሁለቱ ሰዎች የአክስትና የአጎት ልጆች እንደነበሩ፣ የተጣሉትም በእርሻ ድንበር እንደሆነ ሰማሁ። የሟቹ እናት ቡና አፍልተው፣ ዱዓው ከተደረገ በኋላ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «የኔ ልጅ፣ እነሱ የተጣሉት በድንበር ነው፤ ሃይማኖቱን ከየት አመጣኸው?» አሉኝ። ጋዜጣችን እርምቱን በውስጥ ገጽ በሦስት መስመር አወጣው፤ የመጀመሪያው ዜና ግን የወጣው በፊት ገጽ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ፈራሁና ለዓመታት ሁሉን ነገር መሸፈን ጀመርኩ። «ማንነታቸው ያልታወቁ ኃይሎች»፣ «በተከሰተው የጸጥታ ችግር» የሚሉትን አባባሎች እንደ ጋሻ ያዝኳቸው። ጨዋ ይመስላሉ። ነገር ግን ተሳፋሪዎች ከመኪና ወርደው፣ መታወቂያቸው ላይ ብሔር የሚለው መስመር እየታየ ተለይተው ጥቃት ሲደርስባቸው «የጸጥታ ችግር» ብሎ መጻፍ የተፈጸመውን አድልዎ ከዜናው ላይ መፋቅ ነው። የተጎጂዎቹ ዘመዶች እውነቱን ስለሚያውቁት ጋዜጣውን ማመን ይተዋሉ፤ የማያውቀው ደግሞ የጎደለውን ከወሬ ይሞላል፣ ወሬም አጥፊው ጥቂት ታጣቂ መሆኑ ቀርቶ አንድ ሕዝብ በሙሉ እንዲመስል አድርጎ ያደርሰዋል።

ስለዚህ አሁን የምይዘው መለኪያ አንድ ነው፦ ማንነት የድርጊቱ ምክንያት ከሆነ ይጻፋል፣ ካልሆነ አይጻፍም። ምክንያት መሆኑን የሚያስረዳው የእኔ ግምት ሳይሆን አጥቂዎቹ የተናገሩት፣ ተጠቂዎቹ የተመረጡበት መንገድና የተረፉት ሰዎች ቃል ነው። ሲጻፍም ጥፋቱ የሚሰጠው ለታወቀው ግለሰብ ወይም ቡድን እንጂ ለብሔሩ አይደለም። አጥቂው የእኔ ወገን ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ርእስ እሰጠው ነበር ወይ ብዬም ራሴን እጠይቃለሁ፤ መልሱ ያሳፈረኝ ጊዜ ጥቂት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1994 ቱትሲዎች እንዲገደሉ ስለቀሰቀሰው የሩዋንዳ ሬዲዮ እንደሰማችሁ አልጠራጠርም፤ ከመሥራቾቹ ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2003 አሩሻ ላይ ተፈርዶባቸዋል። እንዲህ ያለው ክፉ ምሳሌ ግን «እኛ እንደዚያ አይደለንም» እያሰኘ ያዘናጋል። ለእኛ ሥራ ይበልጥ የሚቀርበው የአሜሪካዋ ከተማ የዲትሮይት ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1967 በዚያች ከተማ በተነሣው ሁከት 43 ሰዎች ሲሞቱ ጋዜጦች የንብረቱን ጉዳት በመጀመሪያ ከ200 እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር አደረሱት፤ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ያቋቋሙት፣ በኢሊኖይ ገዥ ኦቶ ከርነር የተመራው ኮሚሽን በ1968 ባወጣው ሪፖርት ግን ከፍተኛው ግምት 45 ሚሊዮን ነበር። ኮሚሽኑ ከዚህ ይልቅ የወቀሰው ጋዜጦቹ ጥቁሩ ሕዝብ ለምን እንደተነሣ፣ በሥራና በመኖሪያ ቤት ምን ዓይነት አድልዎ ተሸክሞ እንደኖረ አስቀድመው ባለመጻፋቸው ነው። በአሜሪካ ዜና ክፍሎች ከሚሠሩት መካከል ጥቁሮች 5 በመቶ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ እሳቱን ያዩት ጭሱ ከወጣ በኋላ መሆኑ አያስገርምም።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ የራሳችን ዜና ክፍል ትዝ አለኝ። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ስለሆነችው ከሚሴ ስንጽፍ ኦሮምኛ የሚሰማ አንድ ሰው አጠገባችን አልነበረም፤ ስለ አርጎባ ወይም ስለ አፋር ሰው ስንጽፍማ የምንጠይቀው ሌላውን ሰው ነበር። ምንጫችን የፖሊስ ቃል አቀባይ ብቻ ነበር። ሰኞ ባቲ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በከብት ዋጋ ሲከራከሩ ውለው ማታ ተሰነባብተው የሚለያዩትን ሺህ ሰዎች የጻፈ አልነበረም፤ በአንዱ ሰኞ ሁለት ሰዎች ዱላ ሲማዘዙ ግን «የብሔር ግጭት» ተባለ። አበጋሮቹ፣ ማለት በወሎ ደም የሚያስታርቁት የአገር ሽማግሌዎች፣ ሁለቱን ወገን አስቀምጠው፣ ደሙን አድርቀው፣ ካሳውን ቆርጠው ሲያስታርቁም መግለጫ ስለማያወጡ ማንም አልሄደም። በአበጋር ሸንጎ ብትቀመጡ፣ ጠቡ ከውኃ ወይም ከግጦሽ ተነሥቶ በየት በኩል የብሔር እንደሆነ፣ ማን እንዳደረገው ጭምር፣ ከየትኛውም ቢሮ በተሻለ ትሰማላችሁ። ሽማግሌ ሁሉ ገለልተኛ ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ ሌላውንም ወገን ጠይቁ።

የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን አንብቡት፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ለተሰራጨ ሐሰተኛ መረጃ እስከ 3 ዓመት እስራት ያስቀጣል። የእኔን ዜና ግን የሚይዘው አይመስለኝም። እኔ ጥላቻ አልነበረብኝም፣ የዋሸሁም አልመሰለኝም፤ አንድ ስልክ ደግሞ መደወል ነው የታከተኝ።

በሚመጣው ሰኞ ወደ ባቲ የሚወርድ ከእናንተ መካከል ካለ ይደውልልኝ። ጉልበቴ እስከ ግመል ተራው ድረስ አሁንም ያደርሰኛል።