ቶርኖውን ያለ ክሬን እንዴት ላስገባው?

ጥያቄ፦ ገላን አካባቢ ትንሽ የብረት ሥራ ቤት ከፍቻለሁ። 1 ቶን ገደማ የሚመዝን ያገለገለ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ገዝቼ በር ላይ አውርደውልኝ ሄዱ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ክሬን አይገባም። የሰፈር ልጆች ሰብስቤ በጉልበት ላስገባው?

መልስ፦ ኧረ ተው ወንድሜ! ተሸክመው አንዱን ቢያዳልጠው ክብደቱ ሌሎቹ ላይ ነው የሚያርፈው። አንድ 1.5 ሜትር ዲጂኖ ፈልግ። ጫፉን ከማሽኑ ሥር አስገባና 15 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብለህ ጠንካራ እንጨት ደግፍበት፤ ጉልበትህ 9 እጥፍ ያህል ይሆናል። ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር ወዲያው ሞራሌ ደርብ፣ ግን በእጅህ ሳይሆን በሌላ እንጨት እየገፋህ አስገባው፤ ጣት የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ወፍራም የብረት ቱቦዎች ከሥሩ ደርድረህ በቀስታ መግፋት፣ ከኋላ የወጣውን እያነሱ ከፊት ማስገባት ነው። ቶርኖ ሞተሩ ባለበት በኩል ይከብዳል፣ ከላይም ስለሚከብድ መገልበጥ ይቀናዋል፤ ስለዚህ ተንሸራታቹን ክፍል ወደ ቀላሉ ጫፍ ገፍተህ እሰረው። ጥርስ ባለው ረጅም ዘንግ ላይ ገመድ እንዳታስር፣ ይጎብጥብሃል። ቁልቁለት ካለ ማሽኑ የታሰረበትን ገመድ ምሰሶ ላይ ጠምጥሞ ቀስ እያለ የሚለቅ ሰው ከኋላ ይኑር፤ ፊት ለፊት ማንም አይቁም። ቦታው ሲደርስ በቁመትም በአግድምም በውሃ ልክ ሳታስተካክል ቡሎን አታጥብቅ። አልጋው (ተንሸራታቹ ክፍል የሚሄድበት ረጅሙ አካል) ከተጣመመ የምትቀርጸው ሁሉ ሾጣጣ ነው የሚወጣው።