«ምንም አልወሰድኩም» ለምትሉ

ድሬ ላይ ሁሉም ሰው «አንተ» ነው። ሽማግሌው አንተ፣ ባለሥልጣኑ አንተ። እንዲህ የማናፍር ሰዎች ነጭ ጋዋን ስናይ ግን ምላሳችን ይታሰራል። «የወሰድከው መድኃኒት አለ?» ሲባል «ምንም»። ኪሳችን ውስጥ ግማሹ ያለቀ የክኒን ስትሪፕ አለ እኮ! ከዚራ ፋርማሲ ውስጥ ዓመታት ስለሠራሁ ይሄን «ምንም» በደንብ አውቀዋለሁ። ጠዋት «ያለ ማዘዣ ካልሰጠሽኝ» ብሎ ሲጨቃጨቀኝ የነበረ ሰው ከሰዓት የሐኪም ማዘዣ ይዞ ይመጣል፣ ስለ ጠዋቱ ግን ለሐኪሙ ትንፍሽ አላለም። የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁም ዞረው ዞረው እዚሁ ገቡ።

«ሦስት ቀን ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ነበረኝ። ጎረቤቴ ነርስ ናት፣ ዲክሎፌናክ ወጋችኝ፣ ከዛ አይቡፕሮፌን ቀጠልኩ። ሐኪም ሲጠይቀኝ እሷን ችግር ውስጥ ላለመክተት ምንም አልወሰድኩም አልኩ። ፓራሲታሞል ብቻ ሰጠኝ። ሁለቱን አብሬ ልውሰድ?» (ከሳቢያን)

አትውሰድ። አይቡፕሮፌኑን ተወው፣ ዛሬውኑ ተመልሰህ ንገረው። የምቸኩለው በምክንያት ነው። የኛ ከተማ ትኩሳት ወባ ብቻ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ዴንጊ፣ በ2011 ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ ስንቱን ቤተሰብ እንዳስተኙ ታስታውሳለህ። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን ቀን ትነክሳለች፣ የምትራባው ደግሞ ውኃ ባጠራቀምንበት በርሜል ውስጥ ነው። እንደ አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክና አስፕሪን ያሉት ማስታገሻዎች ዴንጊ ሲጠረጠር የሚከለከሉት ደም የመፍሰስ አደጋውን ስለሚጨምሩ ነው። ሐኪምህ ፓራሲታሞል ብቻ ሲሰጥህ ንቆህ ሳይሆን ይሄን አስቦ ሊሆን ይችላል፣ አንተ ግን እሱ የሸሸውን መድኃኒት ቀድመህ ወስደኸዋል። ደግሞ ትኩሳትህን ያወረደው መርፌው ከሆነ፣ በቴርሞሜትሩ የታየው ቁጥር የመርፌው እንጂ የሕመምህ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ትኩሳቱ ሲለቅህ «ድኛለሁ» ብለህ ወደ ሥራ እንዳትሮጥ። ዴንጊ ከሆነ ከባዱ ነገር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያኔ ነው። ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ አልቆም ያለ ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት ካየህ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርተህ ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

የነርሷን ነገር አታስብ፣ ሐኪሙን የቸገረው የወጋህ ሰው ስም አይደለም። «ዲክሎፌናክ፣ ማክሰኞ ማታ፣ አንድ ጊዜ»። በቃ።

«ለጨጓራዬ ኦሜፕራዞል በራሴ እየገዛሁ ለወራት ወሰድኩ። የኤች ፓይሎሪ የሰገራ ምርመራ ታዞልኝ ነጋቲቭ ነው ተባልኩ። ሕመሙ ግን እንዳለ ነው።» (ከሐረር፣ ሸዋ በር)

በውጤቱ ገና አትተማመኚ። ኤች ፓይሎሪ የጨጓራ ባክቴሪያ ነው፣ ኦሜፕራዞል ሳያጠፋው ቁጥሩን ስለሚቀንሰው ምርመራው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ለዚህ ነው ከምርመራው በፊት ኦሜፕራዞል ለ2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ ቢያንስ ለ4 ሳምንት መቆም ያለበት። ለሐኪምሽ ንገሪውና ቀኑን አብራችሁ ወስኑ። የምትወስጂው ሌላ ማስታገሻ ካለም አብረሽ ንገሪው፣ አይቡፕሮፌን ብቻውን ጨጓራ ይልጣል።

እኔ ማን ነኝና ልፈርድብሽ። አንድ ጊዜ ሽንት ሲያቃጥለኝ ከመደርደሪያው አንቲባዮቲክ አንስቼ ሁለት ቀን ከዋጥኩ በኋላ የሽንት ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያ ካለ የሚያበቅሉበትን ምርመራ፣ ሰጠሁ። «ምንም አላበቀለም» ተባለ። መድኃኒት የምሸጥ ሴት ሆኜ ይሄን እንዴት ልናገር ብዬ አፈርኩና ዝም አልኩ። ማቃጠሉ ሲመለስ ተናገርኩ፣ ምርመራውንም እንደገና ከፍዬ ሰጠሁ።

«ለሠርጌ እንድወፍር ጓደኛዬ የሰጠችኝን ዴክሳሜታሶን አራት ወር ወሰድኩ። ፊቴ አበጠ፣ ስኳርሽ ከፍ ብሏል ተባልኩ። ሐኪም ጋ የምትወስደኝ አማቴ ናት፣ እሷ ፊት እንዴት ልናገር? ዝም ብዬ ከዛሬ ጀምሮ ባቆመውስ?» (ከመጋላ)

እህቴ፣ በራስሽ አታቁሚው። አደራ። ይሄ ክኒን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት ኮርቲሶል የሚባለውን የራሱን ሆርሞን መሥራት ይተዋል፣ በአንድ ቀን ሲቆም ደግሞ ሰውነትሽ ባዶ እጁን ይቀራል። ድካም፣ ትውከት፣ የግፊት መውደቅ ያመጣል፣ ለሕይወትም ያሰጋል። ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ያስቆምሻል። ስኳርሽንም ከፍ ያደረገው ራሱ ሊሆን ይችላል፣ ካልነገርሽው የስኳር በሽተኛ ተብለሽ ሌላ ክኒን ትጀምሪያለሽ። ነገ ኦፕራሲዮን ቢያስፈልግሽም ማደንዘዣ የሚሰጥሽ ሰው ይሄን ማወቅ አለበት።

አማትሽን በተመለከተ፣ ግፊት የምትለካሽን ነርስ ጠጋ ብለሽ «ሐኪሙን ብቻዬን ማናገር እፈልጋለሁ» በያት። ይሄ በየቀኑ የሚያጋጥማቸው ነገር ነው። አፍሽ እምቢ ካለ ቁራጭ ወረቀት ላይ የክኒኑን ስም፣ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ፣ በቀን ስንት እንደምትወስጂና «አራት ወር» ብለሽ ጽፈሽ አቀብዪው። ሐኪም የታካሚውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ ከአማትም ጭምር። እና ጓደኛሽንም ይዘሻት ብትሄጂ አይከፋም፣ እሷም እየዋጠች ይሆናል።

«ከበርጫ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ስለሚለኝ ዲያዜፓም እወስዳለሁ። ሐኪም ስለ ጫት ከጠየቀኝ ልንገረው?» (ከሐረር)

ወንድሜ፣ ሐረር ላይ ሐኪም ጫት ሲባል ይደነግጣል ብለህ ነው? አወዳይ እኮ ጎረቤት ናት። ንገረው፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ ስንት ሰዓት እንደምትቅም ሳትቀንስ። ጫት የልብ ምትና ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ እየቃምክ የምትውጠውን አምፒሲሊን ወይም አሞክሳሲሊን ደግሞ ሰውነትህ በደንብ እንዳይቀበለው ያደርጋል። ዲያዜፓሙ ያስለምዳል። ከጨብሲ (ከጫት በኋላ ከሚጠጣው አልኮል) ጋር ከተደረበ ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል፣ ይሄን አትሞክረው። ቆይተህበት ከሆነም በአንዴ አትቁረጠው፣ እሱንም ከሐኪሙ ጋር።

«እናቴ ከጅቡቲ የመጣላትን ዶሊፕራን ትወስዳለች። አሁን እዚህ ፓራሲታሞል ታዘዘላት። ‹የውጪው ይሻላል› ብላ ሁለቱንም ልትውጥ ነው።» (ከገንደቆሬ)

ዶሊፕራን ፓራሲታሞል ነው። ፈረንሳዮቹ ስም አወጡለት እንጂ ውስጡ አንድ ነው። ካርቶኑ ላይ 1000 ሚሊግራም የሚል ከሆነ ያንዷ ፍሬ ጉልበት የኛን ባለ 500 ሁለት ፍሬ ያህላል። ጤነኛ አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም፣ ከሲታ ለሆኑና ጉበታቸው ለተጎዳ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ከበዛ ጉበት ይጎዳል። እሳቸውን በክርክር አታሸንፊያቸውም፣ ሁለቱንም ካርቶን በፌስታል አድርጊና ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፊው።