ውሃው በረኪና በረኪና እያለ መለኪያው ለምን ዜሮ ይላል?

ጥያቄው የመጣልኝ ከደሴ ብዙም ከማትርቅ ትንሽ ከተማ ነው። የጻፈችልኝ ልጅ በከተማዋ የውሃ አገልግሎት ላቦራቶሪ ከተቀጠረች ገና አራተኛ ወሯ ነው። ደብዳቤዋን አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ከከተማው የውሃ ጋን ሥር ካሉት ቤቶች አንዲት እናት ደውለው ‹ወላሂ ልጄ፣ ቡናው ራሱ በረኪና በረኪና አለን› አሉኝ። ሄጄ ቧንቧቸውን ለካሁ። ክሎሪን የምንለካበትን የዲፒዲ ቁጥር 1 ኪኒን ጠብታ ውሃ ውስጥ ስጨፈልቀው ሮዝ ሆነ። ውሃውን እስከ 10 ሚሊ ሊትር ስሞላው ግን ቀለሙ ጠፋ። የቀለም መለኪያው ፎቶሜትር 0.0 አለ። ደገምኩት፣ ያው ነው። 0.0 ብዬ መዘገብኩ። ኦፕሬተራችን ጋሼ ቁጥሩን አይተው አንድ ኪሎ ኤችቲኤች (የክሎሪን ዱቄት) ጨመሩ። ጋናችን 50 ሜትር ኩብ ነው። በማግስቱም ስለካ ዜሮ፣ እሳቸውም አንድ ኪሎ ደገሙ። አሁን ሰው ሁሉ እየደወለ ነው። ለባክቴሪያ ማብቀያ ያስቀመጥኩት ፕሌት (ሳህን) ላይ ደግሞ አንድም ኮሎኒ፣ ማለትም የባክቴሪያ ክምችት፣ አልበቀለም። ኪኒኑ ጊዜው አልፎበት ይሆን?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ስልክ አንሺና ጋሼን ክሎሪን መጨመሩን ይተዉ በያቸው። ከዚያ ተመልሰሽ ቀሪውን አንብቢ።

ኪኒንሽ ደህና ነው ብዬ አስባለሁ። የሞተ ኪኒን ከመጀመሪያውም ሮዝ አይሆንም። ያንቺ ሮዝ ሆኖ ነው የጠፋው። ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው፤ እሱን ልብ ብለሽ ስለጻፍሽልኝም ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው የሚጽፈው የመጨረሻዋን ቁጥር ብቻ ነው።

የሆነው ይሄ ነው። ዲፒዲ ክሎሪን ሲያገኝ ሮዝ ይሆናል። ክሎሪኑ በበዛ ቁጥር ሮዙ ይደምቃል፤ ይሄ ግን እስከ አንድ ልክ ድረስ ነው። ክሎሪኑ በጣም ሲበዛ፣ ብዙውን ጊዜ ከ10 ሚሊግራም በሊትር ሲያልፍ፣ የፈጠረውን ቀለም መልሶ ይበላዋል። በረኪና የልብስ ቀለም እንደሚበላው ማለት ነው። ኪኒኑን በጠብታ ውሃ ስትጨፈልቂው ዲፒዲው ብዙ፣ ክሎሪኑ ትንሽ ነበር። ስለዚህ እንደ ቀይ ሥር ውሃ ደመቀ። 10 ሚሊ ሊትር ስትሞይው ደግሞ ክሎሪኑ በዛና ቀለሙን አነጣው። ፎቶሜትሩ የሚያየው ቀለም ብቻ ነው። ቀለም ከሌለ «ክሎሪን የለም» ይልሻል።

የጋሼን ሂሳብ ደግሞ አብረን እንሥራው። 50 ሜትር ኩብ ማለት 50,000 ሊትር ነው። በሊትር 1 ሚሊግራም ለመስጠት 50 ግራም ንጹህ ክሎሪን ይበቃል። ኤችቲኤቹ 70 በመቶ ከሆነ 71 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። እጅሽን ብትዘረጊ ከአንድ እፍኝ ብዙም አይበልጥም። አንድ ኪሎው ግን 700 ግራም ክሎሪን አለው። ለ50,000 ሊትር ሲካፈል በሊትር 14 ሚሊግራም ይደርሳል። ጋኑ በዚያ ሰዓት ግማሽ ከነበረ 28 ነው። ዱቄቱ ቆይቶ ወይም እርጥበት ገብቶበት ከሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ቢቀንስም ግን ከልክ በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 5 ሚሊግራም ነው። ደንበኛው ቧንቧ ላይ የምንፈልገው ደግሞ ከ0.2 እስከ 0.5 አካባቢ ነው።

ይሄን የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ሥራ በጀመርኩበት ከተማ አዲስ መስመር ተዘርግቶ በጠንካራ ክሎሪን ታጥቦ ነበር። እኔ መጨረሻው ላይ ቆሜ ለካሁና 0.4 አገኘሁ። ደስ አለኝ። መስመሩ ይከፈት ብዬ ልፈርም ብዕር አንስቻለሁ። አብሮኝ የነበረ የቆየ ባለሙያ ብዕሩን ከእጄ ወሰደና ክሎሪን የሌለው ውሃ በመለኪያው ጠርሙስ ቀዳ፤ ኪኒን ጨምሮ ጨፈለቀ። ምንም ቀለም የለም። ከዚያ ከመስመሩ ውሃ አንድ ጠብታ ጣል አደረገበት። አንድ ጠብታ ብቻ! ጠርሙሱ ሮዝ ሆነ። ያ 0.4 የተበላ ቀለም ቅሪት ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ከዜሮ ይልቅ የሚያስፈራኝ 0.4 ነው። ዜሮ ቢያንስ ያጠራጥራል። 0.4 ግን ጥሩ ቁጥር ስለሚመስል ማንም አይጠይቀውም።

አንቺም ይሄን ፍተሻ ዛሬ ሥሪው። 14 አካባቢ ላለ ውሃ ግን አንድ ጠብታ አይበቃም፤ አሥር ጠብታ ጣይበት። ሮዝ ካለ ነገሩ ተረጋገጠ።

ቁጥሩን ለማግኘት ደግሞ ማቅጠን አለብሽ። በንጹህ ሲሪንጅ 1 ሚሊ ሊትር ናሙና ውሰጂ። ክሎሪን በሌለው ውሃ 10 ሚሊ ሊትር እስኪሞላ ጨምሪበት። ኪኒኑ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ቀለሙ ከጠፋ በኋላ ማቅጠን ዋጋ የለውም፤ የተበላ ቀለም አይመለስም። በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንብቢና በ10 አባዢው። 1.4 ካለሽ 14 ነው ማለት ነው። ለማቅጠኛ ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ውሃ ይመረጣል። ከሌለ የታሸገ ውሃም ይሆናል፤ ግን አስቀድመሽ ለብቻው በኪኒን ፈትሺው። ትንሽ እንኳ ሮዝ ካለ ተይው።

አንድ ነገር እንዳትሳሳቺ። የክሎሪን ሽታ ሁሉ «በዝቷል» ማለት አይደለም። አንዳንዴ ክሎሪኑ ከአሞኒያ ጋር ተጣብቆ ነው የሚሸተው። ያኔ ቁጥር 1 ኪኒን ፈዘዝ ያለ ሮዝ ይሰጥሻል፤ እዚያው ላይ ቁጥር 3 ኪኒን ስትጨምሪ ይደምቃል። ያንቺ ጉዳይ እንደዚያ አይመስልም። ቦግ ብሎ ድርግም ያለ ቀለም የብዛት ምልክት ነው። ሮዝ ሆኖ ቀስ እያለ የሚጨምር ካጋጠመሽ ደግሞ እንዲህ ከአሞኒያ ጋር የታሰረ ክሎሪን ጠርጥሪ።

አሁን ወደ ፕሌቱ። «ክሎሪን ዜሮ፣ ኮሎኒም ዜሮ» የሚል ውጤት ውሃ በፈረቃ ከሚለቀቅበት መስመር ሲመጣ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። መስመሩ ባዶ ሲሆን ከውጭ ቆሻሻ ይስባል። ያለ ምንም ክሎሪን ንጹህ ሆኖ ቢገኝ ደስ ይላል፤ ግን ከማመንሽ በፊት ሌላ ምክንያት ፈልጊ። ያንቺ ምክንያት ጠርሙሱ ውስጥ ነው። የባክቴሪያ ናሙና ጠርሙስ ውስጥ ሶዲየም ታዮሰልፌት የምናስቀምጠው ክሎሪኑ መንገድ ላይ መግደሉን እንዲያቆም ነው። በተለመደው መጠን፣ ለ120 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 0.1 ሚሊ ሊትር የ3 በመቶ፣ የሚያከሽፈው በሊትር እስከ 5 ሚሊግራም ክሎሪን ነው። ያንቺ ውሃ ከዚያ በላይ ስለሆነ ክሎሪኑ ላቦራቶሪ እስክትደርሺ ድረስ ሥራውን ቀጥሏል። ስለዚህ የዚያን ቀን ፕሌት «ንጹህ» ብለሽ ሪፖርት እንዳታደርጊው። በዚህ ዓይነት ቀን የ10 በመቶ ታዮሰልፌት ተጠቀሚ፤ እሱ እስከ 15 አካባቢ ይሸከማል። የተሻለው ግን ክሎሪኑ ወደ ልኩ ሲመለስ እንደገና መቅዳት ነው።

ጋኑን በተመለከተ፣ ውሃ እየጨመሩ ማቅጠን ብቻውን አያዋጣም። 14ን ወደ 0.5 ለማውረድ 28 እጥፍ ውሃ ያስፈልጋል። መውጫውን ዝጉ፣ አብዛኛውን አፍስሱ፣ አዲስ ሙሉ፣ ከዚያ መስመሩን ከጫፍ ክፈቱና ውሃ እየለቀቃችሁ እጠቡት። የሚፈሰው ውሃ ወደ ወንዝ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ ዓሣ ይጨርሳል። ሮቶ የሞሉ ደንበኞች ደግሞ እንዲያፈሱና አዲሱ ውሃ ሲመጣ እንዲሞሉ ንገሯቸው። ደብቆ ከማለፍ መናገር ይሻላል። ያቺ የቡናው እናት ከመለኪያሽ ቀድመው ነግረውሻል፤ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሳቸው ነው።

ስትለኪ ሦስት ቦታ ያዢ፦ የጋኑ መውጫ፣ መሀል ከተማ፣ እና የመጨረሻው ዳገት ላይ ያለው ቧንቧ። እኛ ደሴ ከተማው ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነ ይሄን በእግራችን ተምረነዋል። ከጋኑ ሥር ያለው ሰው ሲማረር ጫፍ ላይ ያለው ምንም ላይደርሰው ይችላል። በአንድ ቧንቧ ውጤት የከተማ ክሎሪን አይጨመርም፣ አይቀነስም።

ስለ ብርድም ልንገርሽ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጠዋት ከጦሳ በኩል ብርዱ ሲወርድ የቧንቧው ውሃ እጅ ያደነዝዛል። ያን ውሃ ቀድተሽ ሞቅ ያለ ክፍል ስትገቢ ጠርሙሱ ላብ ይይዘዋል። ፎቶሜትሩ ላቡን እንደ ቀለም ቆጥሮ ከእውነቱ በላይ ያነባል። በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድም መሣሪያው ከብርድ ወደ ሙቀት ስለሚገባ ያው ነገር ይደርስብናል። ለስላሳ ጨርቅ ኪስሽ አይጥፋ። ደርቆ እስኪጠራ ጥረጊውና ከዚያ አስገቢው። ኪኒኑንም በጣትሽ አትንኪው፤ ከማሸጊያው በቀጥታ ጠርሙሱ ውስጥ ጣይው።

መዝገቡ ላይ ያሉትን 0.0 አትፋቂያቸው። በፍሉድም አታጥፊያቸው። በአንድ መስመር ሰርዢ፣ ጎኑ ላይ «ቀለሙ በክሎሪን ብዛት ጠፍቷል፤ በ10 ቀጥኖ ተለክቷል» ብለሽ አዲሱን ቁጥር፣ ቀኑንና ፊርማሽን አስቀምጪ። ከአንቺ በኋላ የሚመጣው ልጅ ይሄን ገጽ ሲያነብ ይማርበታል። ኃላፊሽ ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ። ገጹ ግን እውነቱን ይዞ ይቆይ።

ጋሼንም አትሽሺያቸው። እሳቸው ያንቺን ቁጥር አምነው ነው የጨመሩት፤ አንቺ ደግሞ መሣሪያሽን አምነሽ። አጠገባቸው ቁጭ በይና የአሥሩን ጠብታ ፍተሻ በዓይናቸው አሳዪያቸው። ሮዙ ሲወጣ ካዩት በኋላ ሌላ ማስረዳት አያስፈልግሽም። ኤችቲኤቹንም በኪሎ መገመቱ ቀርቶ በሚዛን ይሁን። ለጋናችሁ የሚበቃውን ግራም በትልቁ ጽፋችሁ የክሎሪኑ ክፍል በር ላይ ለጥፉት። ሲበጠበጥም ዱቄቱ ወደ ውሃው ይግባ እንጂ ውሃ ዱቄቱ ላይ አይፍሰስ። ጓንትና መነጽር ሳያደርጉ እንዳይነኩትም አደራ።

ነገ ጠዋት ጋኑ ከታደሰ በኋላ ከመውጫው ሁለት ጊዜ ለኪ። አንዱን ሳታቀጥኚ፣ ሌላውን በ10 አቅጥነሽና ውጤቱን በ10 አባዝተሽ። ሁለቱንም ቁጥር ላኪልኝ፤ ከተቀራረቡ ቀለሙ አልተበላም ማለት ነው፤ ቁጥሩም ከ0.2 እስከ 0.5 አካባቢ ከሆነ ውሃው ልኩ ላይ ደርሷል።