ወደ ሱባ ጫካ በየት በኩል? ለእህታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

እህታችን «እናቴንና ልጆቼን ይዤ መናገሻ ጫካ መሄድ አስቤአለሁ፤ በየት በኩል ይሻላል? የፈቃድ ደብዳቤስ ያስፈልጋል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። «እንጦጦ ይበቃዎታል» ያሉት ወንድሞች ቅር አይበላቸውና፣ እንጦጦ ላይ በብዛት የሚያዩት ባሕር ዛፍ ነው። ሱባ፣ ማለትም እርስዎ የመናገሻ ጫካ ያሉት ቦታ፣ ያለው ግን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ሸዋ ከሚገኘው የወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው አስተከሉት የሚባልለት የጽድ ደን ስለሆነ ሁለቱን ማወዳደር ተገቢ አይመስለኝም።

1ኛ. ለሾፌሩ «መናገሻ» አይበሉ፤ «ሱባ» ይበሉ። የመናገሻ ከተማ የምትገኘው በአምቦ መንገድ ላይ ሲሆን፣ የጫካው ጽሕፈት ቤት ያለው ግን ከወጨጫ ተራራ በስተምዕራብ ነው። በሆለታ በኩልም የሚገባ ቢኖር እኔ የምመክረው በአየር ጤናና በዓለም ገና አድርጎ ሰበታን ማለፍ፣ ከዚያም ከአስፋልቱ ወደ ቀኝ በሚገነጠለው የአፈር መንገድ መታጠፍ ነው።

ይህን የምለው ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የጉዞ አዘጋጅ በእኔና በመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ላይ ያደረሰውን ስለማልረሳ ነው። ገንዘቡን አስቀድሞ ከተቀበለን በኋላ የላከልን ሾፌር በገፈርሳ በኩል መናገሻ ከተማ አድርሶን፣ መኪናውን አቁሞ «ጫካው የቱ ጋ ነው?» ብሎ እኛኑ ጠየቀን። ወደ አዲስ አበባ ተመልሰን በሰበታ ስንዞር ረፋዱ አለቀ። ማታ የዘነበበት መንገድ ዋልካ ስለነበረ ዝቅ ያለው ሚኒባስ እስከ ሆዱ ሰመጠ፤ ያወጡን የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው። ለእነርሱ የሚገባቸውን የከፈልነው እኛ ነን፤ አዘጋጁ ግን «መንገዱ የእኛ ኃላፊነት አይደለም» ብሎ አንድ ብር እንኳ አልመለሰም። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ከፍ ያለ መኪና ከሌለዎት አይሞክሩት፤ ለሾፌርም ሙሉውን ሒሳብ አስቀድመው አይስጡ።

2ኛ. ስለ ደብዳቤው፦ እኛም እንደ እርስዎ ሰምተን አንድ ቢሮ ስንመላለስ ሰንብተናል። መጀመሪያ «ማኅተሙ አይነበብም» ተባልን፤ ቀጥሎ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልን፤ በመጨረሻም ጸሐፊዋ ቀና ብላ ሳታየን ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ገፋችልን። ያ ሁሉ የተደከመበት ደብዳቤ ጫካው በር ላይ ስንደርስ የሚያየው ጠፋ፤ የመግቢያውን ከፍለን፣ ደረሰኝ ተቀብለን ገባን። ይልቅ ከመነሣትዎ በፊት ሰበታ የሚኖር ሰው ፈልገው የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ይጠይቁ።

3ኛ. ሰዓቱን በሚመለከት፣ ያን ዕለት የደረስነው በቀትር ስለነበረ ከጉሬዛ በስተቀር ያየነው እንስሳ አልነበረም። በኋላ ጉዞውን እኔው ራሴ አዘጋጅቼ ገና በማለዳ ስንደርስ ግን ድኩላ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ጠበቀን፤ ተቀምጦ ሳለ አረንጓዴ መስሎ፣ ሲበር ከክንፉ ውስጥ ደማቅ ቀይ የሚያወጣውን ወፍም አየን። ከታች ጽድና ዝግባ፣ ከፍ ሲሉ ኮሶ፣ ወደ ላይ ደግሞ አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ እያዩ ይወጣሉ። የወጨጫ ጫፍ 3,385 ሜትር ነው፤ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ ወጥቼዋለሁ፣ ከወጣቶቹ መካከል ግማሹ ከመንገድ ተመልሰዋል።

እናትዎን በተመለከተ አይጨነቁ። ትልልቆቹ ዛፎች ጽሕፈት ቤቱ አጠገብ ስላሉ ዳገት ሳይወጡ ጥላ ሥር መቀመጥ ይችላሉ። እንደ እንጦጦ ካፌ አገኛለሁ ብለው ግን ባዶ እጅዎን አይሂዱ፤ ምሳና ውኃ፣ ለእናትዎም ጋቢ ይያዙ።