ስለ ሳይበርዴክ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ቅዳሜ በእጄ የሠራኋትን ኮምፒውተር ይዤ ደብረ ብርሃን ጓደኞቼ ጋ ሄጄ ነበር። ሳይበርዴክ ትባላለች፤ በአሮጌ የራዲዮ ሳጥን ውስጥ የተሠራች ናት። ያያት ሁሉ ጠየቀኝ። ወሬው ሄዶ ሄዶ ከደብረ ሲና፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከአንኮበርም ጥያቄ መጣ። ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ላድርገው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሳይበርዴክ ማለት ምንድን ነው? ላፕቶፕ አይደል እንዴ?

መልስ፦ በሥራው ላፕቶፕ ነው ብትል አልተሳሳትክም። ስክሪን፣ ኪቦርድና ባትሪ አለው፤ ይዘኸው ትሄዳለህ። ግን ሱቅ ሄደህ አትገዛውም። ባለቤቱ ለሚፈልገው ሥራ አስቦ፣ ያገኘውን ዕቃ አገጣጥሞ ይሠራዋል። ስለዚህ ሁለት አንድ ዓይነት አታገኝም።

ስሙ የመጣው ከልብ ወለድ ነው። ዊልያም ጊብሰን በ1984 ባሳተመው «ኒውሮማንሰር» ውስጥ ሰዎች በዚህ መሣሪያ አእምሯቸውን ከኔትወርክ ጋር ያገናኛሉ። ደራሲው መጽሐፉን የጻፈው በእጅ በሚመታ የጽሕፈት መኪና ነበር። የኮምፒውተሩን ዓለም ከውጭ ሆኖ ነው ያለመው። ይህ ነገር ልቤን ይነካዋል። እኛም አብዛኞቻችን የዚያን ዘመን ኮምፒውተሮች ከውጭ ነው የምናያቸው። በቤታችን አልነበሩማ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ያረጀ ዕቃ ይመስላል? አዲስ መልክ ቢሰጠው አይሻልም?

መልስ፦ የሚመስለው ያረጀ ዕቃ ሳይሆን በ1980ዎቹ የነበሩ ሰዎች «ወደፊት እንዲህ ይሆናል» ብለው ያሰቡትን ነው። ያኔ ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር ምን መምሰል እንዳለበት ገና ማንም አልቆረጠም ነበር። ሁሉም የየራሱን ይሞክራል።

ኦስቦርን 1ን ተመልከት። በ1981 ወጣ። ክብደቱ 11 ኪሎ ገደማ ነው፤ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ሞልተህ እንደመሸከም ማለት ነው። ስክሪኑ ግን 5 ኢንች ብቻ፣ ዛሬ ኪስህ ካለው ስልክ ያነሰ። በ1982 ግሪድ ኮምፓስ መጣ። ቢል ሞግሪጅ ነው ንድፉን ያወጣው። አካሉ ከማግኒዥየም፣ ጽሑፉ ብርቱካናማ፣ ስክሪኑ በኪቦርዱ ላይ የሚታጠፍ። ዋጋው 8,150 ዶላር ነበር፤ በጠፈር መንኮራኩርም ተጉዟል። ዛሬ ላፕቶፕ ሁሉ የሚታጠፈው የእሱን መንገድ ተከትሎ ነው። በ1983 ደግሞ ቲአርኤስ-80 ሞዴል 100 ወጣ። በአራት ቀጫጭን የራዲዮ ድንጋይ 20 ሰዓት ያህል ይሠራል። ጋዜጠኞች በጣም ወደዱት።

ከዚያ በኋላ ሁሉም አንድ መልክ ያዘ። ሳይበርዴክ የሚሠሩ ሰዎች ያኔ ሳይሄዱባቸው የቀሩትን መንገዶች ነው የሚሞክሩት።

ጥያቄ፦ አሮጌ ኮምፒውተር የሚሰበስቡ ሰዎች «ይሄ ሪትሮ (የድሮ ዘመን ዕቃ) አይደለም» ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሽ እውነት አላቸው። ውስጡ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ራስፕቤሪ ፓይ ነው። ይህ የባንክ ካርድ የሚያክል ኮምፒውተር በ2012 በ35 ዶላር ነው የወጣው። ፍጥነቱን ከኦስቦርን ጋር ማወዳደር አይቻልም። በዕድሜ ከሆነ አሮጌ አይደለም።

ግን የዚያ ዘመን ማሽን ትልቁ ነገሩ ዕድሜው አልነበረም። ባለቤቱ ከፍቶ ያየዋል፤ የቱ ክፍል ምን እንደሚሠራ ያውቃል። አሁን ስልካችን በሙጫ ተለጥፎ ነው የሚመጣው። ሳይበርዴክ ያንን የድሮ ዕውቀት ይመልሳል። ስለዚህ እኔ ከሪትሮ ቤተሰብ እቆጥረዋለሁ።

አንድ ነገር ላይ ግን ከሰብሳቢዎቹ ጎን ነኝ። የሚሠራ አሮጌ ማሽን ለሳጥኑ ብላችሁ አትፈታቱ። ዳግመኛ አይመረትም። የሞተ ራዲዮ፣ የተሰበረ የመሣሪያ ሳጥን፣ ኮምፔንሳቶ ሞልቷል። ቆራሌው ጋ ያለውን ሄዳችሁ እዩ።

ጥያቄ፦ የድሮ ጌም ይጫወታል?

መልስ፦ አዎ። የኮሞዶር 64 እና የዜድኤክስ ስፔክትረም ጌሞች፣ ሁለቱም የ1982 ኮምፒውተሮች ናቸው፣ በኢሙሌተር (የድሮውን ማሽን በሚያስመስል ፕሮግራም) ያለችግር ይሄዳሉ።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፣ ደብረ ሲና። ገንዘብ የለኝም። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ራስፕቤሪ ፓይ እስክታገኚ አትጠብቂ። ስክሪኑ የተሰበረ አንድሮይድ ስልክ ወይም አካሉ የተሰባበረ ላፕቶፕ ይበቃል። የላፕቶፑ ማዘርቦርድ፣ ማለትም ዋናው ሰሌዳው፣ ደህና ከሆነ ያ ራሱ ኮምፒውተር ነው። መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ አሠሪው። ሳጥኑን መጨረሻ ላይ ሥሪ። ብዙ ሰው ሳጥኑን አሳምሮ ከጨረሰ በኋላ ገመዱ አልገባ ይለዋል። ካቻቢቴ፣ ቴስተርና ሶልደሪንግ ከጥገና ቤት መዋስ ይቻላል።

ጥያቄ፦ ባትሪውን ከየት አመጣህ? ስንት ሰዓት ይቆያል?

መልስ፦ ከአሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ። ብዙዎቹ ሲከፈቱ ውስጣቸው 18650 የሚባሉ ክብ ድንጋዮች አሉ። ቁጥሩ ልኩ ነው፤ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት።

ስሌቱ ቀላል ነው። አራት ድንጋይ በትይዩ፣ እያንዳንዱ 2,500 ሚሊአምፒር ሰዓት፣ በ3.7 ቮልት፦ 37 ዋት ሰዓት። ወደ 5 ቮልት ሲቀየር የሚባክን ስላለ 31 ያህል ይተርፋል። ራስፕቤሪ ፓይ 4 ከትንሽ ስክሪን ጋር 8 ዋት ያህል ከበላ አራት ሰዓት አይሞላም። መብራት ሲሄድ የጀመርኩትን ለመጨረስ ለእኔ በቂ ነው።

አሁን ከራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያዋን ስሠራ ኃይሉን በቀጭን የስልክ ቻርጀር ሽቦ አገናኘሁት። ስክሪኑ ጥግ ላይ የመብረቅ ምልክት ይመጣል፣ ማሽኑ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይነሳል። ሳምንት ሙሉ ሶፍትዌር ነው ብዬ ለፋሁ። ሜሞሪ ካርዱ ተበላሸ፤ የሁለት ወር ማስታወሻዬም አብሮ ሄደ። ያ ምልክት ቮልቱ ከ4.63 በታች ወረደ ማለት ነው። ችግሩ ሽቦው ነበር። ወፍራምና አጭር ሽቦ ተጠቀሙ፣ ጽሑፋችሁንም ሌላ ቦታ ቅዱ።

ድንጋዮቹን ደግሞ ሳትለኩ አታገናኙ። ከ2 ቮልት በታች የወረደ፣ ሲሞላ የሚግል ወይም ያበጠ ካለ አስወግዱት። ባትሪውን ከልክ በላይ ከመሙላት የሚጠብቀው መከላከያ ቦርድ ሳይኖር፣ ወይም ተኝታችሁ፣ በፍጹም ቻርጅ አታድርጉ። ቤት ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ ብርዱን ታውቀዋለህ። ይጎዳዋል?

መልስ፦ ማሽኑን አይጎዳውም፤ እንዲያውም ያቀዘቅዝለታል። ባትሪውን ግን ይጎዳል። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሞላ ውስጡ ብረት ይጋገርና ለዘለቄታው ይበላሻል። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት፣ በረንዳ ላይ አትሙላው። ጠዋት ቤት ውስጥ ይሙቅና ከዚያ። ጠፍቶ ሲያድር በዝተት ጠቅልለው፤ እየሠራ ግን አትሸፍነው፣ ይታፈናል።

ጥያቄ፦ ይዤው መንገድ ብወጣ ችግር አለው?

መልስ፦ ሽቦው የሚታይ ሳጥን ይዘህ ኬላ ላይ አትቁም። ክዳኑን ዝጋ፣ ባትሪውን ለየው፣ ሲጠይቁህ ከፍተህ አሳይ። በአውሮፕላን ከሆነ ባትሪው ከ100 ዋት ሰዓት አይብለጥ፤ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ አንኮበር ነው ያለሁት፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የምፈልገው መጻፍ ብቻ ነው፣ በአማርኛ። ይሆናል?

መልስ፦ መምህር፣ ከጥያቄዎቹ ሁሉ የእርስዎን ነው የወደድኩት።

ያ ጋዜጠኞች የወደዱት ሞዴል 100 ለእርስዎ አይሆንም ነበር። ለአንድ ፊደል የሚሰጠው ቦታ 6 በ8 ነጥብ ነው። በዚያ ውስጥ «ጬ»ን ወይም «ኟ»ን ይሣሉ ቢባሉ እግሩም ቀለበቱም አይለይም። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት ኮድ ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ አሠራር ነበረው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲከፍተው ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። ያ ዘመን የእኛን ቋንቋ ሳይሰማ ነው ያለፈው። አሁን ግን የያኔውን መልክ ይዘን በግዕዝ ፊደል የሚጽፍ መሥራት እንችላለን። እኔ ይህን ሥራ የያዝኩት በዋናነት ለዚህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሊኑክስ በሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ አይባስ የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ከነአማርኛው ይጭኑበታል። ከዚያ በላቲኑ ኪቦርድ በድምፁ ሲጽፉ ፊደሉ ይወጣል። የፊደሉን ቅርጽ (ፎንቱን) ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ያድርጉት። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ጽሑፍ ብቻ የሚያሳየው የሊኑክስ ጥቁር ገጽ የእኛን ፊደል እንዲሁ አያሳይም። ስለዚህ ግራፊክ ገጽ ከፍተው ይጻፉ። ለዓይንዎ 10 ኢንች ስክሪን ይሻላል፤ ከተጣለ ላፕቶፕ የወጣ፣ ከመቆጣጠሪያ ቦርዱ ጋር። ሳጥኑን ኮምፔንሳቶ የሚቆርጥልዎት አናጢ እዚያው አንኮበር አይጠፋም። ልኩን ይላኩልኝ፣ ውስጡን እኔ እገጥምልዎታለሁ።