መልስ፦ ከቶሮንቶ ኤድመንተን በየትኛው አየር መንገድ ልሂድ?
እህቴ፣ በገና ሰሞን ከሁለት ልጆች ጋር ከቶሮንቶ ኤድመንተን ለመሄድ የቱ አየር መንገድ እንደሚሻል ጠይቀሻል። እኔ ብሆን ፖርተርን አስቀድማለሁ፤ ወንበሩ ሁለት ሁለት ስለሆነ መሃል የሚጨናነቅ የለም፣ መክሰሱም ነፃ ነው። ፍሌር ርካሽ ይመስላል፣ የእጅ ሻንጣ ግን ለብቻው ያስከፍላል። የኤር ካናዳና የዌስትጄት ዝቅተኛ ትኬትም የእጅ ሻንጣ አይጨምርም፤ ዋጋ ስታወዳድሪ ሻንጣውን ደምሪ።

ከሁሉ በላይ የምለምንሽ፣ በበረዶ ወራት ቀጥታ በረራ ያዢ። እኔ ካልጋሪ ላይ ስቀይር በበረዶ ምክንያት ሁለተኛው አውሮፕላን አምልጦኝ ልጄን ታቅፌ ወለል ላይ አድሬያለሁ። ለእንዲህ ያለው መዘግየት ካሳ የለም። ምክንያቱ በአየር መንገዱ እጅ ከሆነ፣ የደህንነት ጉዳይም ካልሆነ፣ ትልልቆቹ 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይተው ካደረሱሽ ከ400 ዶላር ጀምሮ ይከፍላሉ፤ በ1 ዓመት ውስጥ ጠይቂ።