አዲስ አበባ፣ አያት ሰፈር አርፈሽ ሁለት ትርፍ ቀን ለቀረሽ እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ አምና ራሴ የነበርኩበት ጭንቀት ትዝ አለኝ። ከድሬዳዋ ለጉዳይ አዲስ አበባ መጥተሽ ጉዳይሽ አልቋል፤ የመመለሻ በረራሽ ግን በሁለት ቀን ተገፍቶብሻል። የ9 ዓመት ወንድና የ4 ዓመት ሴት ልጅ ይዘሻል። ያረፍሽው ከከተማው ምሥራቅ ጫፍ፣ አያት ሰፈር፣ አክስትሽ ኮንዶሚኒየም ነው። «መሃል ከተማ ሆቴል ይዤ ልጆቹን ላሳያቸው ወይስ ቤት ቁጭ ብለን ቀኑን እንግፋው?» ነው ያልሽው። ብዙ ሰው የቦታ ስም ደርድሮልሻል። እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ፤ ትንሽ ይረዝማል።

እኛ አርባ ምንጭ ነው የምንኖረው። አምና ታኅሣሥ ላይ የልጄን ዓይን ለማሳየት መጣን። እሱ 8 ዓመቱ ነበር፣ እህቱ 5። ሰኞ ውጤት እንቀበላለን ብለን ስንሄድ «ሐሙስ ኑ» ተባልን። የያዝኩት ብር ለሰኞ የታሰበ ነበር። ያረፍነው እንደ አንቺው አያት፣ እህቴ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጆቹ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ በአራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ታስረው ሊውሉ አይችሉም።

መልሴን አስቀድሜ ልበልሽ። ሆቴል አትያዢ፣ አክስትሽ ጋ ሁኚ። በቀን አንድ ቦታ ብቻ ሂዱ። ከሁለቱ ቀን ደግሞ ግማሹን እዚያው አያት አካባቢ አሳልፉት። ይህን ያወቅኩት መጀመሪያ ተሳስቼ ነው።

ማክሰኞ ዕለት «አንዴ ከመጣን ሁሉንም እንይ» አልኩ። ሦስት ቦታ አቀድኩ። ከቤት የወጣነው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ በሚወጣበት ሰዓት ነው። ታክሲ ለማግኘት ብቻ ብዙ ቆምን፣ መንገዱም ዝግት ብሎ ነበር። የመጀመሪያው ቦታ ስንደርስ ለፕሮግራም ተዘግቷል ተባልን፤ ቀድሜ ደውዬ አልጠየቅኩም። ወደ ሁለተኛው ስንሄድ ትንሿ ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። እሷን አዝዬ፣ እሱን እየጎተትኩ አንድ የገበያ ማዕከል ገባን። ወደ ማታ መገናኛ ስንደርስ ሰልፉ ጫፉ አይታይም። ቤት የገባነው መሽቶ ነው። ልጄ ራሷን እያመማት ምንም ሳትበላ ተኛች። ሌሊቱን አጠገቧ ቁጭ ብዬ «ለምን አመላለስኳት?» እያልኩ አደርኩ።

ያላሰብኩበት ነገር ከፍታው ነበር። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 በላይ። ድሬዳዋም ከእኛ ጋር የሚቀራረብ ነው፣ እንዲያውም ትንሽ ዝቅ ይላል። የቆላ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቶሎ ይደክመዋል፣ ዳገት ላይ ያለከልካል፣ ራሱንም ሊያመው ይችላል። ውሃ ደጋግመሽ አጠጫቸው። ብርዱንም አትናቂው። ኅዳርና ታኅሣሥ ቀን ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ማታ ግን አጥንት ይሰብራል። ጃኬት ካልያዛችሁ ከአክስትሽ ጎረቤት ልጆች ተዋሺ፤ ለሁለት ቀን አይከለክሉሽም።

በዚሁ ምክንያት እንጦጦን እለፉት ነው የምልሽ። ፓርኩ ያምራል፤ ፈረስ አለ፣ ብስክሌት አለ፣ ጫካው ልብ ይነካል። ነገር ግን ቦታው 3,000 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከአያት ደግሞ ከተማውን አቋርጦ ነው የሚደረሰው። ለድሬ የ4 ዓመት ልጅ በሁለት ቀን ውስጥ ብዙ ነው። ሌላ ጊዜ፣ ሳምንት ስትቆዩ ሂዱ።

ረቡዕ ሌላ ቀን ሆነ። ከቤት የወጣነው 3 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቁርስ በልተን፣ ሽንት ቤት ሄደን ነው። በባቡር ሄድን። በ2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር አንዱ መስመሩ የሚነሳው ከአያት ነው፤ እስከ ጦር ኃይሎች ይሄዳል። ለአንቺ መነሻው ላይ መሆንሽ ትልቅ ዕድል ነው፣ ምክንያቱም ወንበር ታገኛላችሁ። ትኬቱን ሳትሳፈሪ በፊት ጣቢያው አጠገብ ካለችው ኪዮስክ ግዢ። እኛ ባቡሩን ትንሽ ጠብቀናል፣ ግን ለልጆቹ መጠበቁም ጨዋታ ሆነላቸው።

ይህንን ልብ በይልኝ። የእኔ ልጆች ጫሞ ሐይቅ ላይ አዞ አይተው ያደጉ ናቸው። የሜዳ አህያ ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አይተዋል። እንስሳ ብዙም አይገርማቸውም። የገረማቸው ባቡሩ ነው። ትንሿ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ «ሲኤምሲ! ጉርድ ሾላ! መገናኛ!» እያለች የጣቢያውን ስም እየደገመች ሄደች። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ከዞርንበት ሁሉ ደግሞ የሚያስታውሱት የገበያ ማዕከሉን ተንቀሳቃሽ ደረጃ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጆችሽ ቤታቸው የሌላቸውን ነገር አስቢ። ለድሬ ልጆች የድሮው ባቡር ታሪክ የቤታቸው ነው፤ ይኼኛውን በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ሲያዩ ከአያቶቻቸው ከሰሙት ጋር ያያይዙታል። ጊዜ ካላችሁ እስከ ስታዲየም ሂዱበት፤ እዚያ አካባቢ ሐዲዱ ከመኪናው በላይ ስለሚያልፍ ከተማውን ከላይ ያዩታል።

እኛ መገናኛ ወርደን በአራት ኪሎ ታክሲ ሄድን፣ ከዚያ ወደ አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም። «ሙዚየም ለልጅ ይሰለቻል» የሚሉሽን አትስሚ። ምድር ቤት ውረጂና ድንቅነሽ ጋ ውሰጃቸው። በ1967 ኅዳር ላይ አፋር፣ ሐዳር የተገኘችው ናት፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናታል። ለዕይታ የተቀመጠው ቅጂው ነው፣ ግን አንደኛው ቆሞ የሚታይ ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 አካባቢ ነው። ልጄ አጠገቧ ቆሞ ራሱን በእጁ ለካና «እማዬ፣ እበልጣታለሁ!» አለ። ትልቅ ሰው እንደነበረች ስነግረው ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «ታዲያ ልጆቿስ ስንት ያክሉ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሰላም» ስለተባለችው ሕፃን ቅሪተ አካል ነገርኩት። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ዲኪካ ላይ በ1993 ያገኛት፣ 3 ዓመት ገደማ ሲሆናት የሞተች ሕፃን ናት፤ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች። ትንሿ ልጄ «እናቷስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ማታ ለአክስታቸው ሲያወሩ ግን ሁሉንም አስታውሰዋል፣ ስሟን ጭምር።

ፎቅ ላይ ያለውን ሁሉ ለማየት አትሞክሪ። እኛ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አልቆየንም። ሣሩ ላይ ቁጭ ብለን የያዝነውን ፍርፍር ከምሳ ዕቃ በላን። ከዚያ ልጄ ብርታት ስለነበረው ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገባን። የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ወደ ሰማይ የወጣ የደረጃ ሐውልት አለ። ጣሊያኖች የፋሺስቱን አገዛዝ ዓመታት እየቆጠሩ የሠሩት ነው። ነፃነት ሲመለስ ግን ከጫፉ ላይ የኢትዮጵያ አንበሳ ተቀምጦበታል። ይህን ለልጅ ለማስረዳት አንድ ደቂቃ በቂ ነው፤ የ9 ዓመት ልጅሽ ይወደዋል። 8 ሰዓት ሲሆን ተመለስን፣ መገናኛም ሰልፍ አልነበረም።

ሌላ ምርጫ ካሻሽ፣ ትንሿን ማስሮጥ ከፈለግሽ ወዳጅነት ፓርክ ይሻላል፤ ሰፊ ነው፣ ልጅ ይፈነጥዝበታል። አንድነት ፓርክ አንበሶችና የነገሥታቱ አዳራሽ አለው፣ ግን በእግር ብዙ ያስኬዳል። ፒያሳ ያለው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ለወንዱ ልጅ ጥሩ ነው። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ግን በዚህ ዕድሜ አታሳያቸው፤ የሟቾች አጽም አለበት። የትኛውንም ብትመርጪ ክፍት መሆኑን ማታውን አጣሪ።

ስለ መንገድ ጥቂት ልጨምር። ከ3 ሰዓት ተኩል በፊት አትውጡ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አትገኙ። ሚኒባስ ላይ ትንሿን ካቀፍሻት አያስከፍሉሽም፣ ትልቁ ግን ወንበር ይዞ ይከፍላል፤ ወያላውን ሳትገቢ ጠይቂው። ልጅ ከተኛብሽ አትታገይ፣ ራይድ ጥሪ። ዋጋው ይከብዳል፣ ግን ለዚያች አንድ ጉዞ ብር ለይተሽ አስቀምጪ። ሶፍት ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። ሽንት ሲመጣባቸው ካፌ ገብተሽ አንድ ሻይ አዝዢ፣ ሽንት ቤት አይከለክሉሽም።

አሁን ወደ ኮንዶሚኒየሙ ልመለስ፤ እዚያ ነው ነፍሴ የወጣችው። ሐሙስ ጠዋት ውጤቱን ተቀበልን፤ ደህና ነው፣ ተመስገን። ከሰዓት ልጄ ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ ሊጫወት ወረደ። ስወርድ የለም። ልጆቹ «ቤት ገብቷል» አሉኝ። ለካስ ሌላ ብሎክ ገብቶ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ የማያውቀውን በር ሲያንኳኳ ነበር። ብሎኮቹ አንድ ናቸው፣ ቀለሙም፣ ደረጃውም። አንዲት እናት አልቅሶ አግኝተውት እጁን ይዘው ግቢ ለግቢ ሲያዞሩት አገኘኋቸው። ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ለእኔ ግን ዓመት ነበር። ስለዚህ ዛሬውኑ ልጆችሽን የብሎኩን ቁጥርና የቤቱን ቁጥር አስጠኛቸው። የአክስትሽን ስልክ በወረቀት ጽፈሽ ኪሳቸው ውስጥ ክተቺ። ትንሿ ብቻዋን አትውረድ።

ከዚያ በኋላ እህቴ «ኑ፣ ወዲያ እንሂድ» ብላ ከብሎኮቹ ጀርባ ወደ ሜዳው ወሰደችን። በእግር ትንሽ እንደሄድን ከተማው አለቀ። አውድማ ላይ በሬዎች ጤፍ ያበራያሉ። ገበሬው በመንሽ ጭዱን እየገለበጡ ነበር። ልጆቹ ቆመው ሲያዩ «ኑ» ብለው በእጃቸው ጠሯቸው። የእኔ ልጆች ኦሮምኛ ስለማይችሉ በፈገግታ ነው የተግባቡት፤ የድሬ ልጆች ግን ሰላምታውንም ጨዋታውንም ይችሉበታል። ጭዱ ላይ እስኪጠግቡ ዘለሉ። የሚበሉት እንጀራ ከዚያ እንደሚመጣ ልጄ ያኔ ነው ያየው። ምንም አልከፈልንም፣ ታክሲም አልተሳፈርንም። አሁን ኅዳር ስለሆነ አጨዳው ላይ ትደርሳላችሁ። አክስትሽን ጠይቂያት፣ የሚኬድበትን ታውቃለች። ሰው ማሳ ውስጥ ግን ሳያስፈቅዱ አትግቡ።

አክስትሽን ስለ ማስቸገር ያልሽውም ገብቶኛል። ሁለት ቀን የተጨመረባት እሷም ናት። ውሃ በፈረቃ ከሆነ የሚመጣበትን ቀን ጠይቂና ጀሪካኑን ከእሷ ጋር ሙሉ፤ የልጆቹን ልብስ በእሷ ውሃ አትጠቢ፣ ቤትሽ ትጠቢዋለሽ። ሙዝና ብርቱካን፣ ግማሽ ኪሎ ቡና ይዘሽ ግቢ። ምሳችሁን ይዛችሁ በወጣችሁበት ቀን ለእሷም እረፍት ነው።

በረራሽ ጠዋት ከሆነ ሻንጣውን ማታ ጨርሺ። ከአያት ወደ ቦሌ በጎሮ በኩል ውጡ፣ መገናኛን አትንኩ። መኪናውን ማታውኑ ከምታውቁት የሰፈር ሹፌር ጋር ተነጋገሩ፤ በጨለማ ልጅ ይዞ መንገድ ላይ መጠበቅ ለትንሿ ይበርዳታል።